የሦስተኛው ፎቅ መብራት

«እዚህ ጋ የነበረውስ የት ሄደ?» አለች ታቢታ፣ ስልኳን ወደ ግድግዳው አቅንታ።

ሩዋይዳ ቀና ብላ ማየት አላስፈለጋትም። የሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ግድግዳ ላይ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች። የብሎን ቀዳዳዎች አሉ፤ ከሥራቸው ሶኬት አለ፤ በቀዳዳዎቹ መካከል ደግሞ ከሌላው ግድግዳ ነጣ ያለ፣ የጫማ ካርቶን የሚያህል ቦታ አለ። መብራቱ ግን የለም። መብራቱ ያለው እዚያው ፎቅ ላይ፣ አባቷ ሱቅ ውስጥ፣ ከመጋረጃ ጨርቆቹ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ነው።

«ተበላሽቶ ነው» አለች። «ለጥገና ወርዷል።»

«መቼ?»

«እኔንጃ። ሰሞኑን።»

ታቢታ «ሰሞኑን» የምትለዋን ቃል እንኳን ሳታስቀር ስልኳ ላይ ጻፈች። እንዲህ ናት። «አስተማሪ ሲያስነጥስ ደብተሯ ላይ ታሰፍራለች» እያሉ የክፍሉ ልጆች ሙድ ይይዙባታል። ሩዋይዳም ትይዝባታለች፤ ግን ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ከሷ የበለጠ የምትወደው የለም። ለዚህ ነው ውሸቱ ገና ከአፏ ሳይወጣ የቆረቆራት።

የቤት ሥራውን የሰጣቸው የፊዚክስ አስተማሪያቸው ቲቸር አልአዛር ነው። «ሁለት ሁለት ሁኑና አንድ ፎቅ ምረጡ። መብራት ድንገት ቢጠፋ ውስጡ ያለው ሰው በምን ብርሃን እንደሚወጣ አጥንታችሁ ሰኞ ለክፍሉ ታቀርባላችሁ» ብሏቸው ነበር። ሌሎቹ ሆቴልና ሆስፒታል ለማስፈቀድ ሲሯሯጡ ሩዋይዳ «የኛ ሱቅ ያለበት ፎቅ አለ አይደል እንዴ፣ ምን አደከመን!» አለች። ስንፍና ነበር። ይኸው፣ የገዛ ጣጣዋን ራሷ ጠርታ ደረጃው ላይ አቆመችው።

ፎቁ ከሐይቁ በማይርቀው ፒያሳ ውስጥ ነው። ደረጃው ድሮ መስኮት ነበረው፤ ከጎኑ ሌላ ፎቅ ተሠርቶ መስኮቶቹን ግጥም አድርጎ ከዘጋቸው ወዲህ ግን ውጭ ጠራራ ፀሐይ ቢሆንም እንኳን መብራት ከሌለ ዓይን ቢወጉ አይታይም። በዚህ ምክንያት የፎቁ ሰዎች አንድ ጨዋታ አመጡ። መብራት ሲጠፋ የሚወርድ ሰው እንደ ታክሲ ተሳፋሪ «ወራጅ አለ!» እያለ ይጮኻል። የሚወጣው ግድግዳውን ይዞ ያሳልፈዋል። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ ቆይቶ ግን ሁሉም የምሩን ይለው ጀመር።

ሁለቱ ልጆች ከምድር ቤት ጀምረው ነው የወጡት። ዋናው በር ላይ የሚሮጥ ሰው የተሳለበት አረንጓዴ ምልክት ነበረ። ታቢታ ፎቶ አንስታው «ይኼኛው ሁልጊዜ የሚበራው ነው፤ መብራት ኖረ አልኖረ ዓይኑን አይጨፍንም» ብላ ጻፈች። ከኋላ ያለውን ጀነሬተርም አዩ። የሚሠራው ለምድር ቤቱ ካፌ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን እስኪነሳ ድረስ ሰው ማኪያቶውን ጠጥቶ ይጨርሳል። ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ ቲቸር አልአዛር ክፍል ውስጥ ሥዕሉን የሠራላቸው፣ ደረጃ ላይና መታጠፊያ ላይ የሚሰቀለው ባለሁለት ዓይን መብራት ነው። መብራት ሲኖር ባትሪውን እየሞላ ይተኛል፤ ሲጠፋ ይነቃል። «ልብ በሉ» ብሎ ነበር ቲቸር፣ «ይኼ ብርሃን ለመሥራት አይደለም፤ ለመውጣት ነው።»

ባለሁለት ዓይኑን ግን አንድም ደረጃ ላይ አላገኙትም።

እውነቱ እንዲህ ነው። የፎቁ ነጋዴዎች አንድ ልማድ አላቸው። ማንም ስብሰባ ተቀምጦ አልተስማማበትም፤ እንዲሁ ሆነ። መጀመሪያ የሁለተኛው ፎቅ ጫማ ሻጭ የደረጃውን መብራት «ለዛሬ ብቻ» ብሎ ሱቁ አስገባው። ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው። የሩዋይዳ አባት ሱልጣን እንኳን ብዙ ጊዜ እጁን ሰብስቦ ነበር። አምና ለአረፋ ገበያ ሱቁ በሰው ጢም ብሎ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ሲመጣ ሁለት ጣቃ የመጋረጃ ጨርቅ የለም። ሱልጣን ያን ቀን ምሳም እራትም አልበላም። በማግስቱ ካቻቢቴ ይዞ ደረጃው ላይ ወጣ።

የፎቅ ደህንነት የሚቆጣጠሩ ሰዎች ሲመጡ ደግሞ ደረሰ የሚባለው ጥበቃ ከታች ስልክ እየደወለ «እንግዳ አለ» ይላል። ያን ጊዜ ሁሉም መብራቱን ይዞ ይሮጣል። የሩዋይዳ ሥራ ብሎኖቹ የሚቀመጡባትን የሳልሳ ጣሳ ይዛ ከአባቷ በርጩማ ሥር መቆም ነበር። ጣሳዋ ካሽ ካሽ ስትል ደስ ይላት ነበር። እንግዶቹ ደረጃውን ዓይተው፣ አመስግነው ሲሄዱ መብራቶቹ ወደየሱቃቸው ይመለሳሉ። «እንግዳ ተቀብሎ መጣ» ብለው ይሳሳቃሉ። ሩዋይዳም ትስቅ ነበር። እስከዛሬ ነገሩ ስርቆት ሊባል እንደሚችል በሐሳቧ ውል ብሎ አያውቅም፤ ታቢታ «የት ሄደ?» ስትል ነው ፊቷ የጋለው።

«ከላይ ያሉትን ሴትዮ ልጠይቃቸው?» አለች ታቢታ። «ፎቁን ለረጅም ጊዜ ያውቁታል ብለሽኛል።»

«እትዬ ብዙአየሁን? ሂጂ ሂጂ፣ እኔ አባዬን ላግዝ» አለች ሩዋይዳ፣ ከጓደኛዋ ዓይን ለማምለጥ ቸኩላ።

እትዬ ብዙአየሁ አራተኛ ፎቅ ላይ መጋረጃ የሚሰፉ እናት ናቸው። ሱልጣን ጨርቁን ይሸጣል፣ እሳቸው ይሰፋሉ፤ ደንበኛው አንድ ነው። የሩዋይዳን የመጀመሪያ ዩኒፎርም የሰፉት እሳቸው ናቸው። «ትደጊበታለሽ» ብለው እጅጌውን አስረዝመውት ዓመቱን ሙሉ እየጠቀለለች ለብሳዋለች።

ሱቁ በሰው ተሞልቶ ነበር። አረፋ እየደረሰ ስለሆነ ሁሉም መጋረጃ ይቀይራል። ሩዋይዳ ጣቃ እያወረደች፣ አባቷ እየለካ ሳለ መብራቱ እልም አለ። አንድ አፍታም አልቆየም፤ ከመደርደሪያው ላይ ያ ባለሁለት ዓይን ነቃና ሱቁን ነጭ በነጭ አደረገው።

«እሰይ!» አሉ ደንበኞቹ።

«እኛ ጋ መብራት አይጠፋም» አለ ሱልጣን ፈገግ ብሎ፣ ሜትሩን ሳያነሳ።

ከዚያ ከውጭ፣ ከደረጃው በኩል፣ የአንድ ነገር መላተም ተሰማ። ቀጥሎ የሚንከባለል ነገር። ቀጥሎ የታቢታ ጩኸት።

ሩዋይዳ ስትደርስ ሰዎች የስልካቸውን መብራት አብርተው ከብበው ነበር። እትዬ ብዙአየሁ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸው ወርዷል። አንድ ካርቶን ተሸክሞ ይወጣ የነበረ ሰው «አላየኋቸውም፣ ወላሂ አላየኋቸውም» ይላል። ታቢታ የእትዬ ብዙአየሁን የመጋረጃ ጥቅል አቅፋ ቆማለች።

«ደህና ነኝ፤ ምንም አልሆንኩም» አሉ እትዬ ብዙአየሁ። ቀኝ እጃቸውን ግን በግራቸው ይዘውት ነበር። «ጥፋቱ የኔ ነው። ከልጅቷ ጋር ስጫወት ‹ወራጅ አለ› ማለቱን ረሳሁት።»

«ምን ይደረግ፣ መብራት ነው» አለ አንዱ። «ይኼ መብራት ይጨርሰናል» አለ ሌላው። ሁሉም ከየሱቁ ወጥቶ የጠፋውን መብራት ረገመ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው፤ እያንዳንዱ ከኋላው ሱቁ ቦግ ብሎ በርቶለት ነበር። ሱልጣንና ደረሰ እትዬ ብዙአየሁን ደግፈው አወረዱና ባጃጅ ጠርተው ወደ ክሊኒክ ወሰዷቸው።

ታቢታ ጥቅሉን ለማስቀመጥ ሱቁ ገባች። እዚያ ብርሃን ነው። ቀና አለች። መብራቱ ጎን ላይ የሩዋይዳ አባት የለጠፈው ፕላስተር በሙቀቱ ተላጦ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ በቀይ ቀለም የተጻፈው «ደረጃ» የሚል ቃል ይነበባል። ታቢታ አነበበችው። ከዚያ ሩዋይዳን አየቻት። ጥቅሉን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ፣ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ከደረጃው «ወራጅ አለ!» የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

በማግስቱ ከትምህርት በኋላ ሁለቱ ወደ ዓሣ ገበያው፣ አሞራ ገደል ሄዱ። የተጠበሰ ዓሣ እንበላለን ብለው የተቀጣጠሩት ከሳምንት በፊት ነበር። ሩዋይዳ ታቢታ የምትቀር መስሏት ነበር፤ አልቀረችም። ሐይቁ ዳር ተቀመጡ። አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ እንደ ዕድር ዳኛ አንገቱን ሰብሮ ሰሃናቸውን ይጠባበቃል። ሌላ ቀን ቢሆን ስም አውጥተውለት፣ በሳቅ ሞተው ነበር።

«አየሁት እኮ» አለች ታቢታ በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«ሩዊ፣ በናትሽ።»

ሩዋይዳ የዓሣውን አጥንት ለወፉ ወረወረችለት። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ ትናንት ሙሉ የመሰላት ውሸት ዛሬ ገለባ ሆኗል።

«‹ለጥገና ወርዷል› ብዬ ጽፌያለሁ» አለች ታቢታ። «ላጥፋው ወይስ ልተወው?»

«እና ምን ልትይ ነው? አባቷ ሌባ ነው ብለሽ ክፍል ፊት ልታነቢ?»

«እንደዛ ወጣኝ? የኔ እናት ቢሮ እኮ የእሳት ማጥፊያዋን በሩ እንዳይዘጋ ድጋፍ አድርገዋታል። እኔ ራሴ ስንቴ በእግሬ ገፍቼያት ገብቻለሁ። ማንንም አልሰደብኩም።»

«ታዲያ ተዪው! ምን አካበድሽው?»

ታቢታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከኋላቸው ነበርኩ» አለች። «መብራቱ ሲጠፋ እጃቸውን ልይዝ ዘረጋሁ። የቱ ጋ እንዳሉ አላየሁም፤ ነጠላቸውን ብቻ ነው የነካሁት። ከዚያ ወደቁ። ሌሊቱን ሙሉ ያቺ ነጠላ ከእጄ ስታመልጥ ነበር።»

ሩዋይዳ መጀመሪያ ተናዳ ነበር፤ አሁን በመናደዷ አፈረች።

«ፎቁ ያንቺ ነው። ምን ልጻፍ፣ አንቺ ንገሪኝ» አለች ታቢታ እየተነሳች። «እስከ እሁድ እጠብቅሻለሁ።»

ያን ቀን አመሻሹ ላይ፣ ደንበኛ ጋብ ሲል፣ ሩዋይዳ አባቷ አጠገብ ቆማ የተፈታ ጣቃ ትጠቀልል ነበር። ሱልጣን መቀሱን ይዞ የመጋረጃ ጨርቅ ይቆርጣል። እሷ ጨርቅ ቆርጦ ተሳስቶ አይታው አታውቅም። ቀጥ ያለ ሰው ነው፤ ሜትሩን ጎትቶ አይለካም፣ ደንበኛ የረሳውን ዣንጥላ ለወራት ያስቀምጣል። የጨነቃትም ይኼ ነው። መጥፎ ሰው ቢሆን ነገሩ ይቀላት ነበር።

«አባ፣ የደረጃውን መብራት ብንመልሰውስ?»

መቀሱ አልቆመም። «ብንመልሰው የሚሆነውን ልንገርሽ? ዛሬ እሰቅለዋለሁ፣ ነገ ከላይ ወይ ከታች ያለው ያወርደዋል። ያኔ ደረጃውም ጨለማ፣ የኛም ሱቅ ጨለማ። ማን ተጠቀመ?»

«እትዬ ብዙአየሁ ግን...»

አሁን መቀሱ ቆመ። «እሳቸውን እኔ ነኝ የገፋኋቸው?»

«እንደዛ አላልኩም።»

«ሁሉም ሲያወርድ እኔ ብቻዬን ሞኝ ልሁን? አምና ያ ጨርቅ ሲሄድ ማን ደረሰልኝ?» ድምፁ ቁጣ አልነበረውም፤ ድካም ነበረው። ጨርቁን አጣጠፈና «ከአረፋ በኋላ እናየዋለን» አለ።

ሩዋይዳ «ከአረፋ በኋላ»ን ታውቀዋለች። ብስክሌቷም ከአረፋ በኋላ ነበረች፤ ስንት አረፋ አለፈ። አባቷ ያለው ግን ሐሰት አልነበረም። መብራቱ ቢመለስ የሚወስደው አይጠፋም። ሒሳቡ ትክክል ሆኖ መልሱ የተሳሳተ ይመስላት ነበር፤ የቱ መስመር ላይ እንደተሳሳተ ግን ማግኘት አቃታት።

አርብ ዕለት አባቷ ብርቱካን በፌስታል ሞልቶ ሰጣት። «ለእትዬ ብዙአየሁ አድርሺላቸው። ‹አላህ ያሽርዎት› በያቸው።»

«አንተስ አትወጣም?»

«ሰው አለብኝ» አለ። ሱቁ ውስጥ ማንም አልነበረም። ሩዋይዳ ባዶዎቹን ወንበሮች አየች፤ እሱም ማየቷን አየ። ፌስታሉን ይዛ ወጣች።

እትዬ ብዙአየሁ ቀኝ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ከስፌት መኪናቸው ፊት ተቀምጠዋል። በግራ እጃቸው ጨርቁን ሊያስኬዱት ይሞክራሉ፤ ስፌቱ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል። ከጎናቸው ያልተሰፋ መጋረጃ ተከምሯል።

«ወለምታ ነው አሉኝ፤ አጥንቱ ደህና ነው። ተመስገን» አሉ። «ደግሞ ብርቱካን! አባትሽ ምን የመሰለ ሰው ነው። ያን ዕለት እኮ ተሸክሞኝ ነው የወረደው ማለት ይቻላል።»

«እንዴት ሆነው ነው ታዲያ ደረጃውን የሚወርዱት?»

«አሁንማ ነቅቻለሁ! ገና ከበሬ ስወጣ እንደ ታክሲ ረዳት እጮኻለሁ። ያን ቀን በአፌ ስንፍና ነው የወደቅሁት» ብለው ሳቁ።

ሩዋይዳ አብራ ልትስቅ ሞከረች። አልቻለችም። እኚህ ሴት ጥፋታቸው አለመጮህ እንደሆነ አምነው ተቀምጠዋል። ነገም ከነገ ወዲያም እየጮሁ ሊወርዱ ነው። የሆነውን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ ከዚያ አባቷ ትዝ አላትና «ብርቱካኑን ልላጥልዎት?» አለች። ላጠችላቸው። ከዚያ በላይ ድፍረት አላገኘችም፤ በራሷም በጣም ተናደደች።

ቅዳሜ ከሰዓት የአረፋ ገበያ ጫፍ ደርሶ ነበር። ሱቁ ውስጥ መቆሚያ የለም። ከውጭ የግንቦት ደመና ከሐይቁ በኩል እየጠቆረ መጥቷል። አንዲት ሴት ከነልጆቿ፣ ሦስት የሰርግ ጨርቅ የሚመርጡ እህትማማቾች፣ ሌሎችም ባንኮኒው ላይ ተደግፈዋል። ሩዋይዳ መሰላሉ ላይ ቆማ ከላይ ጣቃ ታቀብላለች። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ታቢታ ናት። «ምን ልጻፍ?» ይላል።

ነጎድጓድ ጮኸ። መብራቱ ጠፋ።

ባለሁለት ዓይኑ ከፊቷ፣ እጇ በሚደርስበት ቦታ ላይ ቦግ አለ። ያን ያህል ቀርባው አታውቅም፤ ዓይኗን ወጋት። ከሥር «እሰይ፣ እዚህስ በራ!» አለች ባለልጆቿ ሴት። አባቷ የተቆረጠውን ጨርቅ ይጠቀልላል፤ ዓይኑ ግን በሩ ላይ፣ ሰው ላይ፣ ጣቃዎቹ ላይ ይሯሯጣል። ያ የአምናው ቀን ከፊቱ ላይ ተነበበ። ሩዋይዳ አዘነችለት። በጣም አዘነችለት።

«ወራጅ አለ!»

ከላይ ነው። የደከመ፣ የተንቀረፈፈ ድምፅ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ወራጅ አለ፣ ልጆቼ፣ ወራጅ አለ!»

ሩዋይዳ የመብራቱን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለች። አልጠፋም፤ የተሠራውም ለዚሁ ነው። በሁለት እጇ አቅፋ አነሳችው። ከገመተችው በላይ ይከብዳል። አንድ እግሯን ወደ ታችኛው የመሰላሉ ደረጃ ስትጥል የሱቁ ጥላዎች ሁሉ አብረዋት ተንቀሳቀሱ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ሱልጣን።

«ልወስደው ነው።»

«የት?»

«ቦታው።»

«ሩዋይዳ! ሰው እያየሽ! ሱቁን በጨለማ ልትጥይው ነው?»

«በሩ ላይ ቁምና ጠብቅ አባ። ማንም ባንተ በኩል ሳያልፍ አይወጣም።» እግሯ መውረዱን አላቆመም። እህትማማቾቹ መንገድ ለቀቁላት። ከኋላዋ ሱቁ እየጨለመ፣ ከፊቷ ኮሪደሩ እየነጣ ሄደ። «ኧረ እዚህ አይታይም!» አለ አንድ ደንበኛ። አባቷ ምን እንደመለሰ አልሰማችም።

ደረጃው ላይ ደርሳ ግድግዳውን ተደገፈችና መብራቱን ከራሷ በላይ አነሳችው፤ ያ የነጣው ቦታ ላይ ገጠመችው። ልኩ ነው። ብርሃኑ ወደ ላይና ወደ ታች ተዘረጋ። ሩዋይዳ ደረጃውን እንዲህ አይታው አታውቅም፤ የእያንዳንዱ እርከን ጠርዝ ቁልጭ ብሎ ታየ። አንዱ ተሸርፏል። ለካ እትዬ የወደቁት እዚያ ጋ ነው።

እትዬ ብዙአየሁ ከላይኛው መታጠፊያ ብቅ አሉ። በግራ እጃቸው ግድግዳውን ዳብሰው ነበር የመጡት። ሊጮሁ አፋቸውን ከፍተው፣ ብርሃኑን ሲያዩ ዘጉት።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ቀስ ብለው ይውረዱ፤ ሦስተኛዋ ተሸርፋለች።»

ወረዱ። ግድግዳውን ለቀቁት። አጠገቧ ሲደርሱ ቆመው ወደ መብራቱ ቀና አሉ፤ ፕላስተሩ የተላጠበትን ጎኑን አዩት። ማንበብ ይችላሉ። ሩዋይዳ ዓይኗን አልሰበረችም።

«የኛ ሱቅ ውስጥ ነበር እትዬ» አለች። «ያን ቀንም።»

ከታች የሚወጡ ሰዎች መጡ፣ በብርሃኑ እያለፉ ሄዱ፤ ማንም «ወራጅ» አላለም። ከዚያ እትዬ ብዙአየሁ በደህናው እጃቸው የሩዋይዳን ተንሸራቶ የወረደ ሻሽ ወደ ላይ ሰበሰቡላት።

«እጅሽ ይዝላል» ብለው ወደ ታች ወረዱ።

እውነታቸውን ነው፣ እጇ መዛል ጀምሯል። ከሁለተኛው ፎቅ ጫማ ሻጩ አንገቱን አወጣና ወደ ላይ፣ ወደ ብርሃኑ አየ። ተመልሶ ገባ። ነገ ይኼን መብራት ማን እንደሚያወርደው ሩዋይዳ አታውቅም፤ ምናልባት እሱ ነው። ያኔም ሄዳ ታመጣዋለች። ለታቢታ የምትልከው ዓረፍተ ነገር ግን እዚያው ቆማ ተገጣጠመላት፦ «ለጥገና አልወረደም። እኛ ሱቅ ውስጥ ነበር። ሰኞ ክፍል ውስጥ ይኼን እኔ ላንብበው።»

«ሩዋይዳ!» የአባቷ ድምፅ ነው፣ ከጨለማው ሱቅ በር ላይ። ተቆጥቶ ይሁን ምን ይሁን መለየት አልቻለችም።

«አቤት አባ።»

«ነይ ግቢ።»

«አልችልም» አለች። «ከለቀቅሁት ይወድቃል።»

ዝናቡ ጣሪያው ላይ መውረድ ጀመረ። ሩዋይዳ ጥርሷን ነክሳ ክርኗን ግድግዳው ላይ አስደገፈች፤ ትከሻዋ እየተቃጠለ ነው፤ እስከ መቼ እንደምትችል አታውቅም፤ ግን አልለቀቀችም።

ከሱቁ ውስጥ የመሳቢያ መከፈት ተሰማ። ቀጥሎ በርጩማ ሲጎተት፣ ቀጥሎም የዚያች የሳልሳ ጣሳ ካሽ ካሽታ፣ በጨለማው ውስጥ ወደሷ እየቀረበ።